ከአሜሪካ የመጣ የጋዝ ግሪል ደብረ ማርቆስ ላይ እሳቱ ደከመ፤ ሬጉሌተሩ ይነሣ ወይ?

ጨሞጋ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከአሜሪካ በዘመድ የመጣ ባለ 3 በርነር የጋዝ ግሪል ግቢያችን ውስጥ አቁመናል። የራሱ ጎማና ሬጉሌተር (የጋዙን ግፊት የሚቀንሰው ዕቃ) እኛ አገር ካለው ሲሊንደር ጋር ስለማይገጥም ቶርኖ ቤት የነሐስ ማገናኛ አሠርተን ከ12.5 ኪሎው ቡታጋዝ ጋር አስረነዋል።

ሦስቱንም በርነር ብከፍት እሳቱ አጭር ነው። ክዳኑ ተዘግቶ ግማሽ ሰዓት ቢቆይ እንኳ ክዳኑ ላይ ያለው ቴርሞሜትር ከ120 ዲግሪ አያልፍም። የመካከለኛው በርነር ነበልባል ደግሞ ቢጫ ነው፤ ፍርግርጉን ጥላሸት ይቀባዋል። ማታ ላይ ሲሊንደሩ ገና ከባድ ሆኖ ሳለ ከታች በኩል ላብ ያወጣና እሳቱ ይብስ ይደክማል።

የሰፈር ሰው "ሬጉሌተሩን አንሡትና በቀጥታ እሰሩት፣ ያኔ ይንቀለቀላል" ይለናል። ለፋሲካ እንግዳ ስለምንጠራ ከዚያ በፊት ላስተካክለው እፈልጋለሁ። ይህ ነገር ያስኬዳል? ሲሊንደሩስ ግሪሉ ሥር ካለው ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ ወይስ ውጭ?

ባለ ካቻቢቴው፦

ሬጉሌተሩን ፈጽሞ አታንሡት። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት እንደ ጋዙ ቅይጥ (ፕሮፔንና ቡቴን የሚባሉ ጋዞች ናቸው) እና እንደ አየሩ ሙቀት ከ1 ባር ትንሽ ከፍ ብሎ እስከ 8 ባር ሊደርስ ይችላል። ግሪሉ የተሠራው ግን ለ28 ሚሊባር ነው፤ ይኸውም የአንድ ባር 35ኛ እጅ ገደማ። በቀጥታ ከታሰረ ነበልባሉ ከበርነሩ ተነቅሎ ወደ ላይ ይዘላል፣ ማዞሪያዎቹ ውስጥ ያለው ጎሚኒ ማፍሰስ ይጀምራል፣ ጎማውም ካሰሪያው ሊወጣ ይችላል። ለሆቴል ትልልቅ ምድጃ የሚሸጠው ባለ ከፍተኛ ግፊት ሬጉሌተርም ያው ነው፤ ለዚህ ግሪል አይሆንም።

ሁለተኛው አደጋ ያ የቶርኖ ማገናኛ ነው። የአሜሪካው ማሰሪያ ተራ ብሎን አይደለም። በደንብ ካልገጠመ ጋዝ አያሳልፍም፤ እሳት ከደረሰበት ደግሞ ፕላስቲኩ ለስልሶ ጋዙን እንዲዘጋ ታስቦ የተሠራ ነው። ቶርኖ ላይ የተቆረጠ ነሐስ ይህን ሁሉ አያደርግም። ጥርሱ አንድ ቦታ ላይ ከሳሳ ሲሊንደሩ አፍ ላይ፣ ማለትም ግፊቱ ከሁሉ በሚበረታበት ቦታ ያፈሳል። አውጥታችሁ ጣሉት።

በምትኩ ሲሊንደሩን ከምትገዙበት ቦታ ለዚያው ሲሊንደር የተሠራ የቤት ሬጉሌተር ግዙ። ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ መውጫው ከ28 እስከ 30 ሚሊባር፣ በሰዓት የሚያሳልፈው ደግሞ ቢያንስ 1 ኪሎ ይሁን። ለምን 1 ኪሎ? የዚህ ዓይነት ባለ 3 በርነር ግሪል ሁሉም ሲከፈት ብዙ ጊዜ ከ9 እስከ 10 ኪሎዋት ይፈጃል። አንድ ኪሎ ጋዝ 12.7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። ስለዚህ በሰዓት 750 ግራም ገደማ ይሄዳል፤ ሙሉው ሲሊንደር በሙሉ እሳት 16 ሰዓት ያህል ነው። የናንተን ትክክለኛ ቁጥር ግሪሉ ላይ ከተለጠፈው ሰሌዳ ታገኙታላችሁ።

ጎማው ለጋዝ ተብሎ የተሠራ፣ ዓመተ ምሕረቱ የታተመበት፣ ከ1.5 ሜትር የማይበልጥ ይሁን። የውሃ ጎማ በጋዝ ይበላል፣ አይሆንም። ሬጉሌተሩ ላይ በፋሸታ (በብሎን በሚጠብቅ የብረት ቀለበት) ይታሰራል፤ ፋሸታው ጎማውን እስኪቆርጥ አይጠበቅ። ግሪሉ ላይ የሚገባው ጫፍ ብዙ ጊዜ 3/8 ኢንች ፍሌር (አፉ ሰፋ ያለ የብረት ማገናኛ) ስለሆነ አሮጌውን ጎማ ናሙና አድርጋችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ፍሌር ብረት ከብረት ጋር ተጣብቆ ነው የሚዘጋው፤ ቴፍሎን መጠቅለል አይረዳውም፣ እንዲያውም በደንብ እንዳይቀመጥ ያደርገዋል።

ካሰራችሁ በኋላ የሳሙና ምርመራ፦ እኩል ውሃና ፈሳሽ ሳሙና ቀላቅሉ። የግሪሉ ማዞሪያዎች ሁሉ ተዘግተው ሲሊንደሩ ብቻ ይከፈት፤ በአካባቢው ሲጋራም ሆነ የከሰል ማንደጃ አይኑር። በብሩሽ የሲሊንደሩን አፍ፣ ሬጉሌተሩን፣ ጎማውን ከዳር እስከ ዳር፣ የግሪሉን መግቢያ ቀቡት። አረፋ እያበጠ ከመጣ ያፈሳል፤ ዝጉና አጥብቁ፣ ደግማችሁ ቀቡ። ሁለተኛም ካበጠ ዕቃው ይቀየራል። በክብሪት መፈተሽ የሚባለውን ነገር ከነጭራሹ እርሱት። ምርመራው ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር ይደገማል።

አሁን እሳቱ ለምን ደከመ? ከአሜሪካው ሬጉሌተር ጋር ያለው ማሰሪያ ጋዝ በድንገት በብዛት ሲሮጥ "ጎማ ተበጥሷል" ብሎ ፍሰቱን አንቆ ይይዛል። የግሪሉ ማዞሪያ ተከፍቶ ሳለ ሲሊንደሩ ከተከፈተ፣ ወይም ሲሊንደሩ በአንድ ጊዜ ጥርቅም ተደርጎ ከተከፈተ እንደዚያ ይሆናል። ምልክቱም እናንተ የጻፋችሁት ነው፤ ይበራል፣ ግን ከ120 እስከ 150 ዲግሪ ላይ ይቀራል። መፍትሔው ሁሉንም ዘግቶ፣ ሬጉሌተሩን ከሲሊንደሩ ፈትቶ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መልሶ ማሰር ነው። ቀጥሎ ሲሊንደሩን በዝግታ መክፈት፣ የግሪሉን ማዞሪያ ከዚያ በኋላ። አዲሱ ሬጉሌተር ይህ መሣሪያ ባይኖረውም ቅደም ተከተሉን ልማድ አድርጉት። ስትዘጉ ግን ሲሊንደሩ ይቅደም፤ ጎማው ውስጥ የቀረው ነዶ ያልቃል።

የማታው ላብ ብልሽት አይደለም። ፈሳሹ ጋዝ ወደ ትነት ሲለወጥ ሙቀት የሚወስደው ከሲሊንደሩ ብረት ነው፤ ብረቱ ይበርዳል፣ የአየሩ እርጥበት ይወርድበታል። ቡቴን በባሕር ጠለል ዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነን ያቆማል። ደብረ ማርቆስ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት አንሶ ትንሽ ይረዳችኋል፤ ቢሆንም በቀዝቃዛ ማታ ሦስት በርነር ሙሉ ሲከፈት ሲሊንደሩ አይደርስበትም። ሁለቱን ብቻ አንድዱ፣ ወይም ቀን ቀን ጥበሱ። ሲሊንደሩን በፍም ወይም በፈላ ውሃ ማሞቅ፣ ማስተኛት፣ መነቅነቅ የለም። ከተኛ ፈሳሹ በቀጥታ ወደ ሬጉሌተሩ ይገባል።

ቦታውን በተመለከተ፦ ሲሊንደሩ ቆሞ፣ ከግሪሉ ጎን፣ ጎማው በሚደርሰው ልክ ራቅ ብሎ መሬት ላይ ይሁን። ያ ሳጥን የተለካው ለአሜሪካው 9 ኪሎ ሲሊንደር ነው። ጎማው ከግሪሉ ሆድ ሥር አይለፍ፤ ትኩስ ቅባት የሚንጠባጠበው እዚያ ነው። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ ስለዚህ ከውሃ ጉድጓድ፣ ከፍሳሽ ቦይና ዝቅ ብሎ ከተሠራ ክፍል በር አርቁት።

ጣና ዳር፦

ከላይ ያለው ሁሉ ትክክል ነው። የቀረው ማብራትና ቅባት ነው፤ ሰው የሚቃጠለው በአብዛኛው እዚያ ላይ ነውና ዝም ብዬ አላልፈውም።

ስታበሩ ክዳኑ ክፍት ይሁን። ሁልጊዜ። ተዘግቶ ጋዝ ከተለቀቀ ሆዱ ውስጥ ይጠራቀምና ብልጭታው ሲመጣ ክዳኑን ይወረውረዋል። ማዞሪያውን ከፍታችሁ በ5 ሰከንድ ውስጥ ካልያዘ ዝጉት፣ 5 ደቂቃ ጠብቁ፣ እንደገና ሞክሩ። ማብሪያው ከተበላሸ ረጅም ክብሪት ወይም በእንጨት ጫፍ የተያያዘ እሳት መጀመሪያ በርነሩ አጠገብ ይቅረብ፣ ጋዙ ቀጥሎ ይከፈት። ፊት ከላይ ተደፍቶ አይታይም፤ ነጠላና ልቅ እጅጌም ይሰብሰብ።

ለበዓል ዳስ ተጥሎ ግሪሉን ከዳሱ ጥግ የሚያቆሙ አሉ። ሸራም ሆነ ቅጠል፣ ከላዩ ምንም መኖር የለበትም። ከቤቱ፣ ከባሕር ዛፍ አጥርና ከእንጨት ክምር ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። ዝናብ መጣ ብሎ በረንዳ ወይም ጎተራ ውስጥ ማስገባትም አይቻልም፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰውን እንቅልፍ አስመስሎ ይገድላል። ነፋስ ካለ የግሪሉ ጎን ወደ ነፋሱ ይዙር። ከኋላ የሚገባ ነፋስ ሙቀቱን ወደ ማዞሪያዎቹና ወደ ጠባሹ ይገፋዋል። እኛ ጋ ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሣው ነፋስ ትንሹን ነበልባል ያጠፋዋል፤ ጠፍቶ ጋዙ እየወጣ መሆኑን በዓይን ብቻ አታውቁትም፣ ስለዚህ ግሪል እየነደደ ጥሎ መሄድ የለም።

የፋሲካ በግ ጮማ ነው። የጎድኑን ስብ ከግማሽ ሴንቲሜትር በላይ አታስቀሩ። ሁለቱን በርነር አንድዳችሁ ሦስተኛውን ዝጉት፤ ሥጋው ባልነደደው በኩል ክዳኑ ተዘግቶ ይብሰል፣ መጨረሻ ላይ ብቻ ወደ እሳቱ ይምጣና ይጠበስ። እንዲህ ከሆነ ቅባቱ በነበልባል ላይ አይንጠባጠብም። ዓሣ ስትጠብሱ ቆሮሶውን ዘይት ቀቡት እንጂ ፍርግርጉ ላይ ዘይት አታፍስሱ። የቅባት መቀበያው ትሪ ከእያንዳንዱ ድግስ በፊት ባዶ ይደረግ። ትሪው ላይ አሸዋ ወይም ጋዜጣ የሚያነጥፉ አይቻለሁ፤ ጋዜጣው ማገዶ ነው፣ አሸዋው ደግሞ ቅባት ጠጥቶ ይቀመጣል። አትጠቀሙ።

ቅባቱ ከተቀጣጠለ ውሃ አታፍስሱበት፤ ውሃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ የሚነደውን ቅባት ይረጨዋል። ማዞሪያዎቹን ዝጉ፣ እጃችሁ ከደረሰ ሲሊንደሩን ዝጉ፣ ክዳኑን ከድናችሁ ራቁ። ትንሽ ከሆነ ጨው ወይም ቤኪንግ ሶዳ በብዛት ይበተንበት። የእህል ዱቄት አይሆንም፣ ራሱ ይነዳል። የዱቄት እሳት ማጥፊያ ካለ ከግሪሉ ጥቂት ሜትር ርቆ ይቀመጥ፤ አጠገቡ ከሆነ ስትፈልጉት አትደርሱበትም።

ጨሞጋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሞቼ። የነሐሱ ማገናኛ በሳሙና ሲቀባ አረፋው ጎላ ብሎ ወጣ፤ ተጥሏል። አዲስ ሬጉሌተር (30 ሚሊባር፣ 1.5 ኪሎ በሰዓት) እና ጎማ ተገጥሞ አሁን አያፈስም፣ ሁለቱ የዳር በርነሮች 250 ዲግሪ ያደርሳሉ። የመካከለኛው ግን አሁንም ቢጫ ነው። አንዳንዴም ከማዞሪያው ጀርባ "ፉፉፉ" የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ማዞሪያውም ይግላል። የቦታው ከፍታ ይሆን? የጋዙን መውጫ ቀዳዳ በመርፌ ላሰፋው ወይ?

ዳሞት፦

ያን በርነር አሁኑኑ ዝጉት፤ እስኪጸዳ እንዳይበራ። ድምፁና ሙቀቱ እሳቱ በርነሩ ላይ ሳይሆን ቱቦው ውስጥ እየነደደ መሆኑን ይናገራሉ።

የከፍታ ችግር ቢሆን ሦስቱም እኩል ቢጫ ይሆኑ ነበር። አንዱ ብቻ ከሆነ ተዘግቷል ማለት ነው፤ ግሪሉ ክረምቱን ሳይነካ ከቆመ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሸረሪት ናት። በርነሩ ጋዝ የሚቀበልበት ቱቦ ጫፍ ላይ አየር የምትገባበት ክፍት አለች፤ ሸረሪት እዚያ ውስጥ ድሯን ታደራለች። አየር ሲያንስ ነበልባሉ ይቢጫል፣ ጋዙም ወደ ኋላ ተመልሶ ከማዞሪያው አጠገብ ይያያዛል።

አሠራሩ ይህ ነው። ሲሊንደሩ ተዘግቶ፣ ጎማው ተፈትቶ፣ ግሪሉ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ፍርግርጉንና የነበልባል መከለያ ቆርቆሮውን አንሡ። በርነሩ ከኋላ በአንድ ብሎን ወይም በሽቦ ቁልፍ ይያዛል፤ በካቻቢቴ ወይም በፔንሳ ፈትታችሁ ወደ ኋላ ስትስቡት ከጂግለሩ (ጋዙን ወደ ቱቦው ከሚረጨው ባለ ቀዳዳ ጫፍ) ላይ ይወጣል። ቱቦውን በጠርሙስ ብሩሽ ከዳር እስከ ዳር ጥረጉ፣ የላዩን ቀዳዳዎች በሽቦ ብሩሽ ወደ ጎን አጽዱ፣ በሳሙና ውሃ አጥባችሁ ሙሉ በሙሉ አድርቁ። ስትመልሱት የጂግለሩ ጫፍ ቱቦው ውስጥ ገብቶ መቀመጡን በዓይናችሁ እዩ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ከውጭ ከቀረ ጋዙ ሳጥኑ ውስጥ ነው የሚፈሰው።

ጂግለሯን በመርፌ አትንኩ። ቀዳዳዋ ከአንድ ሚሊሜትር አካባቢ ያላለፈች ስለሆነች ትንሽ መፋቅ ብቻ ጋዙን ይጨምረዋል፣ እናንተ ደግሞ የምትፈልጉት ተቃራኒውን ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ሳስቷል፤ የተለመደው ስሌት በየ300 ሜትሩ የእሳቱን ኃይል 4 በመቶ ገደማ መቀነስ ነው፣ ደብረ ማርቆስ ላይ 30 በመቶ ያልፋል። በዚያ ላይ ግሪሉ የተለካው ለፕሮፔን ነው፤ ቡቴን የበዛበት ጋዝ በዚያው ቀዳዳ የበለጠ ኃይል ያወጣል፣ የበለጠ አየርም ይጠይቃል። ከጸዳ በኋላ ሦስቱም ጫፋቸው ቢጫ ከሆነ በቱቦው ጫፍ ያለውን የአየር መዝጊያ ብሎን አላልታችሁ በጥቂቱ ክፈቱ፣ ነበልባሉ ሰማያዊ ሆኖ ጫፉ ላይ ብቻ ትንሽ ቢጫ እስኪቀር። በርነሩን ለቆ መዝለል ከጀመረ አብዝታችኋል፣ መልሱት። መዝጊያው ሙሉ ተከፍቶም ቢጫው ካልጠፋ ቀዳዳዋ ያነሰ ጂግለር ከግሪሉ ፋብሪካ ትታዘዛለች፤ የፋብሪካው የከፍታ ዕቃ ተብሎ ይጠየቅ።

ከበዓሉ በኋላ ስታስቀምጡት ሲሊንደሩ ይፈታ፣ ውጭ ጥላ ሥር ቆሞ ይቀመጥ፤ የቱቦዎቹ ጫፍ በቀጭን የሽቦ ወንፊት ቢሸፈን ሸረሪት አትገባም። መስከረም ላይ ስታወጡት ጎማውን ጎንበስ አድርጋችሁ ስንጥቅና የአይጥ ጥርስ ፈልጉበት፣ ቱቦዎቹን በባትሪ መብራት አሻግራችሁ እዩ፣ ሳሙናውን ቀቡ፤ ያኔ አብሩት።