አስቸኳይ! የኮሌጁ ካልኩሌተር 88 ሺህ ዶላር ክፈሉ እያለን ነው፣ ተበላሽቶ ይሆን?

የሐይቅ_ልጅ (ደሴ) ጥር 24፣ ከምሽቱ 1፡10
ወገኖች በናታችሁ ቶሎ በሉልኝ። ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት ነው ያለነው፣ መብራት ሁለቴ ሄዶ መጥቷል፣ ሦስተኛ ከሄደ አለቀልን። እህቴ አሜሪካ አንድ ኮሌጅ አመልክታለች፣ የገንዘብ እርዳታ ፎርሙ ዛሬ ሌሊት ይዘጋል። ፎርሙን ከመላካችን በፊት ኮሌጁ ገጹ ላይ ባስቀመጠው ካልኩሌተር እንሞክረው ብለን የአባታችንን የዓመት ገቢ 360,000፣ የቤተሰብ ብዛት 7 ብለን አስገባን። መልሱ «ቤተሰቡ በዓመት የሚከፍለው 88,000» ሆነ። ሙሉ ዋጋው እኮ ነው፣ ሳንቲም አልቀነሰልንም! ሦስቴ ሞከርነው፣ ያው ነው። አባታችን ገበያ እህል ነው የሚሸጠው። ከሥሩ ደግሞ ሰንጠረዥ አለ፣ ከ30,000 በታች ገቢ ያላቸው 5 ሺህ ገደማ ይከፍላሉ፣ ከ110,000 በላይ ያላቸው 60 ምናምን ሺህ ይላል። እኛ ከመቼ ወዲህ ነው ሀብታም የሆንነው? እህቴ አጠገቤ እያለቀሰች ነው።

አብሽር_ኮምቦልቻ 1፡14
ሪፍሬሽ አድርጉት። እምቢ ካለ ካሹን (ብሮውዘሩ ያስቀረውን የድሮ ገጽ) አጥፍታችሁ በሌላ ብሮውዘር ክፈቱት። አብሽሩ፣ ይስተካከላል።

ቦርከና_ማዶ 1፡17
360 ሺህ? የእህል ነጋዴ 360 ሺህ ዶላር ካገባ እኮ ጦሳ ተራራን ገዝቶ ዙሪያውን በቆርቆሮ ያጥረዋል! ሃሃሃ። ለእኔም አባትህን አስተዋውቀኝ።

መምህር_ከወልድያ 1፡22
በመጀመሪያ መረጋጋት ያስፈልጋል። የተጻፈ ዋጋና የሚከፈል ዋጋ ለየቅል ናቸው። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ዋጋው ግራ ስላጋባቸው በ2008 በእነሱ አቆጣጠር ሕግ አወጡ። የፌዴራል የተማሪ እርዳታ የሚቀበል ኮሌጅ ሁሉ ከ2011 ጥቅምት ጀምሮ እንዲህ ያለ ካልኩሌተር ገጹ ላይ እንዲያኖር ተገደደ። መንግሥታቸውም «ኮሌጅ ስኮርካርድ» በሚባለው ገጽ ቤተሰቦችን በገቢያቸው አምስት ቦታ ከፍሎ፣ እስከ 30 ሺህ፣ እስከ 48፣ እስከ 75፣ እስከ 110 እና ከዚያ በላይ እያለ፣ እያንዳንዱ በአማካይ ስንት እንደሚከፍል ያሳያል። አንድ ክፍል፣ አንድ አስተማሪ፣ አምስት ዋጋ። የእኛን አገር ሠርግ አስቡት፤ ያለው ሙክት ይጎትታል፣ የሌለው ድንኳን ተክሎ ውኃ ይቀዳል፣ ሁለቱም ከአንድ መሶብ ይበላሉ። ወደ ታሪኩ ስንመለስ ግን

የሐይቅ_ልጅ 1፡24
መምህር ይቅርታ፣ ታሪኩን ለሌላ ቀን ያቆዩልኝ። ሪፍሬሽ አድርገናል፣ ያው ነው!!

ያገሬ_ሰው 1፡27
እኔ ግን ጥያቄው ራሱ አይገባኝም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም አለ። ወልድያ አለ፣ መቅደላ አምባ አለ። እዚህ ማንም ገቢህን አይጠይቅህም፣ የወጪ መጋራት ፈርመህ ትገባለህ። ለአንድ ወንበር አንዱን 5 አንዱን 60 ሺህ ማስከፈል ምን የሚሉት ፍርድ ነው? ቅሬያችንን (እድራችንን) እዩ፤ ባለ ሱቁም ሊስትሮውም እኩል ያዋጣል፣ ሬሳው እኩል ይቀበራል።

አብሽር_ኮምቦልቻ 1፡28
ካሹን አጠፋችሁት? ሪፍሬሽ ብቻውን አይበቃም።

የሐይቅ_ልጅ 1፡36
ቆይ ቆይ። ቦርከና_ማዶ የጻፈውን እህቴ አይታው ሳቋ መጣ፣ ከዚያ ዝም አለች፣ ከዚያ «ሳጥኑን እየው» አለችኝ። ሳጥኑ ላይ የዶላር ምልክት አለ! ያስገባልን የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ ነው፣ እኛም በብሩ ነው የነገርነው። አሁን ዶላሩን በ150 ብር ሒሳብ አካፍለን 2,400 ብለን አስገባን፣ 4,100 አለ! አልሐምዱሊላህ! አባቴ መሬቱን አከራይቶም ቢሆን ይህን አያጣም። ዝጉት፣ ተፈቷል።

ቦርከና_ማዶ 1፡38
እኔ ስቀልድ ነው እንጂ አውቄ አይደለም። የቡና ግን አልምርም።

ሲያትል_የተንታ_ልጅ 1፡51
ወንድሜ፣ አትዝጉት። ደስታችሁን ማበላሸቴ ነው መሰለኝ፣ ግን ያ 4,100 የእናንተ ዋጋ አይደለም።

ካልኩሌተሩ እህትህን አሜሪካዊት አድርጎ ነው ያሰላት። ከ88 ሺው ላይ ከቀነሰው ውስጥ ፔል ግራንት አለበት፣ ይህ የመንግሥት እርዳታ ነው፣ በፈረንጅ 2025-26 እስከ 7,395 ዶላር ይደርሳል። ለዜጋና ለቋሚ ነዋሪ እንጂ ከደሴ ለሚመጣ ልጅ አይሰጥም። ፋፍሳ የሚሉት የመንግሥት እርዳታ መጠየቂያ ፎርምም አይመለከታችሁም። ሰንጠረዡም ቢሆን የፌዴራል እርዳታ የሚያገኙትን ልጆች አማካይ ብቻ ነው የሚያሳየው፣ የውጭ ተማሪ እዚያ ውስጥ የለም። ለእህትህ የሚሰጣት ገንዘብ ካለ የሚወጣው ከኮሌጁ ከራሱ ኪስ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለባችሁ «ለውጭ ተማሪ የጎደለውን በሙሉ ትሞላላችሁ ወይ» ብላችሁ ነው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም አይ ቲ፣ አምኸርስት፣ ዳርትማውዝ፣ ቦዶይን ልጁን ሲመርጡ የቤተሰቡን ገቢ አያዩም፣ ከመረጡት በኋላም የጎደለውን ይሞላሉ። ኬንታኪ ያለው ቤሪያ ኮሌጅ ደግሞ የትምህርት ክፍያ ከማንም አይጠይቅም፣ ተማሪው ግን በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ይሠራል። ሌሎቹ አብዛኞቹ የውጭ ተማሪ የመክፈል አቅም አይተው ነው የሚቀበሉት። የእናንተው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ገጹ ላይ ይጽፋሉ፣ አንብቡት።

ስለ ሰዓቱ አትሸበሩ። የእነሱ እኩለ ሌሊት በምሥራቁ ሰዓት ከሆነ፣ በእኛ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ሌሊቱን ሙሉ አላችሁ።

ዋናው ፎርም ሲ ኤስ ኤስ ፕሮፋይል (ብዙ ኮሌጆች የቤተሰቡን ገቢና ንብረት የሚጠይቁበት የኢንተርኔት ፎርም) ከሆነ መጀመሪያ ገንዘቡ በምን እንደሆነ ያስመርጣችኋል። እዚያ ብርን መርጣችሁ በብር ሙሉ፣ እናንተ አታካፍሉ። ለመጀመሪያው ኮሌጅ 25 ዶላር ይጠይቃል። ካርድ ከሌላችሁ ዛሬውኑ ለኮሌጁ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ በኢሜይል «ክፍያውን አንሡልን» በሉ፣ የነጻ ኮድ የሚሰጡ አሉ፣ ሌሎቹም ለውጭ ተማሪ የሚሆን ነጻ ፎርም ይልካሉ። ኢሜይሉን ከዴድላይኑ በፊት ላኩት።

ደግሞ አንድ ነገር። ተቀብለዋት 4 ሺህ ቢጎድል «እንሞላዋለን» ብሎ ነገር የለም። ለቪዛው የሚያስፈልገውን ወረቀት ኮሌጁ የሚሰጣት የዓመቱ ወጪ በሙሉ ከየት እንደሚመጣ ስታሳይ ነው። በዚያ ላይ ሴቪስ የሚባለው የውጭ ተማሪ መመዝገቢያ ክፍያ 350 ዶላር አለ፣ አውሮፕላኑ አለ፣ ጃኬቱ አለ።

ያገሬ_ሰው 1፡55
ይኸው! አላልኩም? ድሃ እዚያም ድሃ ነው።

ሲያትል_የተንታ_ልጅ 2፡06
የለም ጋሼ፣ እሱስ አይደለም። የራሴን ልንገርዎ። ልጄ ኮሌጅ ስትገባ ታክሲ እነዳ ነበር፣ ከባለቤቴ ጋር 46 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር ገቢያችን። የግሉ ኮሌጅ ዋጋ ከ70 ሺህ በላይ፣ የስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ከነመኝታው 30 ሺህ። ሐበሻው ሁሉ «አቅምህን እወቅ፣ ርካሹን ያዝ» አለኝ። ደብዳቤው ሲመጣ የስቴቱ 12 ሺህ፣ የግሉ 6 ሺህ ሆኖ ቁጭ አለ። ውዱ ረከሰ። አብራት ዶርም የደረሳት ልጅ ወላጆች ሁለቱም ነርሶች ናቸው፣ ሌሊት ደርበው እየሠሩ 190 ሺህ ያገኛሉ፣ 41 ሺህ ይከፍሉ ነበር። አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ፍሪጅ። ማዶ ያለችው ደግሞ የጠበቃ ልጅ ሙሉውን ትከፍላለች፣ ስለ ዋጋ ሲወራ ሰምቻት አላውቅም። የሚያማርሩት ነርሶቹ ናቸው፣ እውነታቸውንም ነው። ለእርዳታ ሀብታም፣ ለመክፈል ድሃ ናቸው።

ኖንካፌ_ጅማ 2፡13
ያገሬ_ሰው እዚህ እኩል ነው ያሉት ወረቀቱ ላይ ነው። እኔ ከመርሳ ነኝ፣ ጅማ ሦስተኛ ዓመት። ዶርም ውስጥ ስድስት ነን፣ ስድስታችንም አንድ ዓይነት የወጪ መጋራት ፈርመናል። ግን የአንዱ አባት ባለ ሲኖትራክ ነው፣ በአውሮፕላን ይመጣል፣ ካፌውን ረግጦት አያውቅም። እኔ ከመርሳ ጅማ መንገድ አዲስ አበባ ማደር አለብኝ፣ አባቴ ለመስከረም አንድ በግ፣ ለመመለሻ አንድ በግ ይሸጣል። ስሜን አትመኑ፣ ኖንካፌ የሆንኩት የምግቡን ብር በእጄ ተቀብዬ ሽሮ እየሠራሁ ለፎቶ ኮፒ ላተርፍ ነው። እናቴ በሶና ቆሎ የምትልክበት ጆንያ ባይኖር ሁለተኛ ዓመትን አልሻገርም ነበር። ይኼ ሁሉ የት ነው የተጻፈው?

መምህር_ከወልድያ 2፡19
ተማሪው ትክክል ብሏል። አንድ ነገር ልጨምር (አጭር ነው፣ አትፍሩ)። በፈረንጅ 2003 የወጣው ደንብ ቁጥር 91 ተመራቂው የምግብና የመኝታውን ሙሉ፣ የትምህርቱን ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ ይመልስ ብሎ ነበር፣ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ። እነሱ የሚያዩት የአባትን የዛሬ ገቢ ነው፣ የእኛው የልጁን የነገ ደመወዝ። ባለ ሲኖትራኩ አባት በእኛው ሚዛን ላይ የለም።

ያገሬ_ሰው 2፡22
ሥራ ሲይዝ ብለዋል መምህር። ሲይዝ።

የሐይቅ_ልጅ 2፡31
እሺ፣ ፎርሙን ከፈትነው፣ ብር ይላል እውነትም፣ መረጥነው። ኢሜይሉንም እህቴ ጻፈች። አሁን «ንብረት» የሚል መጣ። ሐይቅ ላይ የአያታችን መሬት አለ፣ ሁለት በሬ አለ። ስንት ብለን እንጻፍ? የሚዋሽ ነገር አንፈልግም።

ቦርከና_ማዶ 2፡32
በሬዎቹን ከነስማቸው ጻፉ። «ቦራ፣ 7 ዓመት፣ ያርሳል፣ ይራገጣል።»

ሒሳብ_ሠራተኛዋ 2፡40
ወንድሜ፣ በአባታችሁ ስም ያለ መሬት ነው ወይስ የአያትህ? የአያትህ ከሆነና አብረዋችሁ የማይኖሩ ከሆነ የእነሱን ንብረት አታስገቡ፣ የሚጠየቀው የወላጆችና የተማሪዋ ነው። የአባታችሁ ይዞታ ቢሆንም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፣ ስለዚህ የመሸጫ ዋጋ ፈጥራችሁ አትጻፉ። መጨረሻ ላይ ማብራሪያ የሚጻፍበት ባዶ ቦታ አለ። እዚያ በሁለት መስመር ግለጹት፣ እህሉ ለቤት ቀለብ እንደሆነም ጻፉ።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ያ 360 ሺህ የአባታችሁ ሽያጭ ነው ወይስ ትርፍ? እህል ነጋዴ 360 ሺህ ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሸጠውን ነው። ጤፉን ከገበሬው የገዛበት፣ የጫኝና አውራጅ፣ የመጋዘን ኪራይ፣ ግብሩ ከዚያ ይቀነሳል። ገቢ የሚባለው የተረፈው ነው። ሽያጩን ገቢ ብላችሁ ከላካችሁ እንደገና ራሳችሁን አበለጸጋችሁ ማለት ነው። ደውላችሁ ጠይቁት፣ የግብር ደረሰኙንም ፎቶ አንሥቶ ይላክላችሁ፣ ኋላ ማስረጃ ይጠይቃሉ።

የሐይቅ_ልጅ 2፡47
ደወልን። «የሸጥኩት ነው እንጂ ይህን ካተረፍኩ ምን አስጨነቀኝ» አለ። ትርፉን ቁጭ ብሎ እያሰላ ነው፣ በብጣሽ ወረቀት። እናቴ ከጎኑ «የዱቤውንም ቁጠር» ትለዋለች። ስልኬ 9 ፐርሰንት ነው። መጣሁ።

አብሽር_ኮምቦልቻ 2፡50
ካሹን ማጥፋት አትርሱ።

ሒሳብ_ሠራተኛዋ ጥር 25፣ ከጠዋቱ 1፡20
የሐይቅ ልጅ፣ ላካችሁት? 40 ደቂቃ ነው የቀራችሁ።

ሲያትል_የተንታ_ልጅ ጥር 25፣ ከጠዋቱ 3፡05
በጊሸን ማርያም አንድ ቃል ጣሉልን። ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬን ነው የማየው።

ቦርከና_ማዶ የካቲት 2
ደሴ ያላችሁ፣ ያ ፒያሳ ያለው ኢንተርኔት ቤት ጄኔሬተር አስገብቷል ወይ? ሰኞ የምልከው ፎርም አለኝ። ልጁ እንዳይነካብኝ ግን እኔው ነኝ የማስገባው።