ካሜራውን ልቀይር ወይስ ሌንሱን?

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ ነው ያለሁት፤ ሠርግና ክርስትና አነሳለሁ። ያለችኝ ካኖን 700ዲ ናት፣ አብሯት ከመጣው 18-55 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር። ቀን ሜዳ ላይ አታሳፍረኝም። ጉዱ ብርሃን ሲያንስ ነው። ባለፈው ተክሊል ላይ ገና አልነጋም፤ ያለው የጧፍ ብርሃን ብቻ። ሌንሱን ወደ 55 ስስበው ቀዳዳው ከ5.6 በላይ አይከፈትም (ቁጥሩ ሲያንስ ነው ብርሃን የሚበዛው)፣ አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ 6400 አደረስኩት። የሙሽራዋ ካባ ጥልፍ አሸዋ የተነሰነሰበት መሰለ። ፍላሽ እንዳላበራ ደግሞ ቄሱ ዓይናቸውን አፍጥጠውብኛል።

አሁን ትንሽ ብር ቋጥሬአለሁ። ጓደኛዬ «ያገለገለ 6ዲ ማርክ 2 ግዛና ተገላገል» ይለኛል። ግን እሱ ፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው) ካሜራ ነው፤ የኔ ሌንስ ኢኤፍ-ኤስ (ለትንሽ ሴንሰር የተሠራ) ስለሆነ እሱ ላይ አይገጥምም፤ ባዶ ቦዲ ታቅፌ ልቀር ነው። እኔ ያሰብኩት 50 ሚሊ ሜትር 1.8 ሌንስ ነው። ዋጋው ቀላል ነው፣ ብርሃንም እንደ ልብ ያስገባል። ችግሩ የኔ ካሜራ ሴንሰር ትንሽ ስለሆነ በ1.6 ሲባዛ እንደ 80 ይሆናል፣ እይታው ይጠብባል፤ ጠባብ ሳሎን ውስጥ ቤተሰቡን በሙሉ ለማስገባት ግድግዳ መብሳት ሊኖርብኝ ነው!

ጥር 23 ደግሞ እንጅባራ ወርጄ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ማንሳት እፈልጋለሁ። ለዚያ ከሩቅ የሚያቀርበው 55-250 ሌንስ ይበቃኛል ወይስ 70-200 ልከራይ? ትርፍ ባትሪና ካርድ መግዛቴ አይቀርም። እናንተ ብትሆኑ በየትኛው ትጀምራላችሁ?