ካሬ ሳደርገው ሁለት መልስ፣ ስፈትሸው አንድ
ጅማ ያላችሁ የሒሳብ መምህራንና የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች፣ እባካችሁ እርዱኝ። √(ኤክስ + 7) = ኤክስ − 5 የሚለውን ሁለቱንም ጎን ካሬ ሳደርገው ኤክስ² − 11ኤክስ + 18 = 0 ይሆናል፤ በፋክተር 9 እና 2 ይወጣል። 9 ሲተካ 4 = 4፣ ልክ ነው። 2 ሲተካ ግን 3 = −3! ካሬው የኔጌቲቩን ምልክት ስለሚያጠፋ እንደሆነ ገብቶኛል (ምርጫው ላይ «2 እና 9» መኖሩ ነው ተንኮሉ)። ሰዓት ለመቆጠብ፣ መልሶ ከመተካት ይልቅ «ኤክስ ≥ 5» ብሎ 2ን ወዲያው መጣል ሁልጊዜ ይሠራል?

ሌላው፣ (ኤክስ + 1)/(ኤክስ − 2) ≥ 2 ነው። በታህቱ ሳባዛ ኤክስ ≤ 5 አገኛለሁ፤ 0ን ስሞክር ግን −0.5 ≥ 2 ይላል። ታህቱ ኔጌቲቭ ሲሆን ምልክቱ ይገለበጣል፤ ታዲያ ሳላባዛ በምልክት ሠንጠረዥ ለመሥራት መጀመሪያ 2ን ወደ ግራ ላምጣው?