ለየት ካለ ማቴሪያል የተሰራ ሰዓት ወይስ የታወቀ ብራንድ ስቲል? ሰዓት የምትሰበስቡ ኮሌክተሮች እስቲ አማክሩኝ

የማለዳ ጉዞ፦
ሰላም የሰዓት ወዳጆች እንዴት ናችሁ። ለአንድ ጥሩ ሰዓት ብዬ ስቆጥብ ቆይቼ አሁን ልገዛ ደርሻለሁ ግን መወሰን አቃተኝ። አንዱ አማራጭ የታወቀ ብራንድ ስቲል ሰዓት ነው፣ ሮሌክስ ኦሜጋ ምናምን ማለቴ ነው። ሌላው ደሞ በዛው ገንዘብ ብዙም ስም ከሌለው ብራንድ ለየት ካለ ነገር የተሰራ፣ ሴራሚክ ወይ ነሐስ ወይ ካርቦን። ልቤ ወደ ሁለተኛው ነው የሚያደላው ምክንያቱም ስቲል ሁሉም ሰው እጅ ላይ አለ። ግን ኮሌክተሮች ሲያወሩ ስሰማ መጀመሪያ የሚጠይቁት ብራንዱን ነው፣ ከምን ተሰራ የሚለው በኋላ ነው የሚመጣው። ለምንድነው እንደዛ የሆነው? ሁለተኛ ጥያቄዬ ደሞ እነዚህ ማቴሪያሎች ከ10 ከ15 ዓመት በኋላ ምን ይመስላሉ? ፎቶ ላይ የማየው ሁሉ አዲስ ነው። እኔ በየቀኑ ነው የማስረው፣ ሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ አልፈልግም። ልሸጠው አላሰብኩም ግን ዋጋው እንዳለ እንዲወድቅም አልፈልግም።

ሰማያዊ ቤዝል፦
ጥሩ ጥያቄ ነው ግን ብራንድና ማቴሪያልን ለየብቻ አትያቸው። ስቲል ራሱ እኮ በውድ ሰዓት ላይ እንግዳ የነበረበት ጊዜ አለ። ኦድማር ፒጌ በ1972 ሮያል ኦክን ሲያወጣ ሰዉን ያስደነገጠው ዤራልድ ዤንታ የሳለው ቅርጽ ብቻ አይደለም፣ የስቲል ሰዓት ሆኖ ከብዙ የወርቅ ሰዓት በላይ መወደዱ ጭምር ነው። ዛሬ ኮሌክተሩ ዓመት ጠብቆ የሚገዛው እሱን ነው። ሁብሎም በ1980 ሲጀምር ወርቅ ኬዝ (ሞተሩን የሚይዘው የሰዓቱ አካል) ላይ የጎማ ማሰሪያ አድርጎ ነው የመጣው፣ አሁን ለሁላችንም ተራ ነገር ሆኗል።

ታይታኒየምን ደሞ ቀድሞ ሰዓት ያደረገው ጃፓኑ ሲቲዝን ነው፣ በ1970፣ ኤክስ 8 የሚባለው። አይደብልዩሲ ከፖርሽ ዲዛይን ጋር የታይታኒየም ክሮኖግራፉን (እንደ ሩጫ ሰዓት ጊዜ የሚለካውን) ያወጣው በ1980 ነው ግን ብዙ ኮሌክተር የታይታኒየም ታሪክ ሲነሳ አፉ ላይ የሚመጣለት የአይደብልዩሲው ነው። ትክክል ነው አላልኩም፣ ሲቲዝን ክብሩ ይገባዋል። ግን የመጀመሪያ ጥያቄህ መልስ እዚህ ጋ ያለ ይመስለኛል። ሰው የሚያስታውሰው ቀድሞ የሰራውን ሳይሆን ይዞት የቆየውን ነው። ራዶን ተመልከት፣ በ1962 ዲያስታርን ከተንግስተን ካርባይድ፣ በጣም ጠንካራ ከሆነ ውህድ፣ ሰርቶ አወጣ፣ በ1986 ደሞ ሴራሚክ ገባ፣ ከዛ ወዲህ አልለቀቀውም። የማይጫር ሰዓት ሲባል ስሙ የሚጠራው ለዛ ነው። ከነሮሌክስ ጋር ሲነጻጸር ዋጋውም ብዙ አይከብድም። በየቀኑ ለማሰር ከሆነ ከማይታወቅ ብራንድ ካርቦን ይልቅ የራዶ ሴራሚክ ውሰድ ባይ ነኝ።

ጥገና ወንበር፦
እኔ የምሰራው ሰዓት ጥገና ላይ ስለሆነ ሁለተኛውን ጥያቄህን ልያዘው፣ ብዙ ሰው ሳይጠይቀው ነው የሚገዛው።

ወርቅና ስቲል ቢጫርም ይወለወላል፣ አዲስ ይመስላል። ደጋግመህ ካስወለወልከው ግን ጠርዙ እየተበላ ይሄዳል፣ ኮሌክተር ደሞ ያንን ጆሮዎቹን (ማሰሪያው የሚገባባቸውን ማለቴ ነው) አይቶ ወዲያው ያውቀዋል። ሴራሚክ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። የዚርኮኒየም ኦክሳይድ ዱቄት በሻጋታ ተጨምቆ ከ1400 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ነው የሚጠነክረው፣ ምድጃ ውስጥ እያለ ሩብ ያህል ሊኮማተር ስለሚችል ፋብሪካው ያንን አስቀድሞ አስልቶ ተለቅ አድርጎ ነው የሚሰራው፣ ከወጣ በኋላ ደሞ ከአልማዝ መሳሪያ በቀር የሚነካው ነገር የለም። ቪከርስ በሚባለው የጥንካሬ መለኪያ 1200 አካባቢ ነው፣ የሰዓት ስቲል 200 አካባቢ ነው። ስለዚህ ከ15 ዓመት በኋላ ምን ይመስላል ካልከኝ ዛሬ የገዛኸውን ነው የሚመስለው። ግን እንደ ሸክላ ነው፣ አጉል ቦታ በጠርዙ ካረፈ ይሰነጠቃል። ይሄ በየቀኑ አይሆንም፣ ሲሆን ግን የተሰነጠቀ ሴራሚክ አይበየድም አይሞላም፣ ኬዙ እንዳለ ነው የሚቀየረው።

ብራንድ ለኔ ትርጉም የሚኖረው እዚህ ጋ ነው። አንድ ሰው ጥቁር ሴራሚክ ሰዓት አምጥቶልኝ ነበር፣ ስሙን አልጠራም፣ አንደኛው ጆሮ ስር ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ በማጉያ መነጽር ስታየው እስከ መስታወቱ ዳር ትሄዳለች። ድርጅቱ ያንን ሞዴል አቁሞታል፣ ትርፍ ኬዝ አላስቀመጠም። ሞተሩ ምንም አልሆነም፣ ልክ ነው የሚሄደው፣ የሚገባበት ኬዝ ግን የለም። ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት መጠየቅ ያለብህ ይሄ ኬዝ ቢሰበር ከ10 ዓመት በኋላ ታገኙልኛላችሁ ወይ ብለህ ነው። ኮሌክተሩ ብራንድ ብራንድ የሚለው ግማሹ ለዚህ ነው እንጂ ለስም ብቻ አይደለም።

ታይታኒየም ክብደቱ ከስቲል ግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ ቆዳም አያስቆጣም፣ ቶሎ ይጫራል ግን ግራጫ ስለሆነ ጭረቱ እርስ በርሱ ተዋህዶ አያስጠላም። ካርቦን አይዝግም ግን ጠርዙ ላይ ከተላጠ አይወለወልም።

አርባ አምስት፦
ኧረ ካርቦንን በአንድ መስመር አትለፈው! ካርቦን ሁሉ አንድ አይደለም። ኦድማር ፒጌ በ2007 ለአሊንጊ የጀልባ ውድድር ቡድን ባወጣው ሮያል ኦክ ኦፍሾር ላይ የተጠቀመው ፎርጅድ ካርቦን የካርቦን ክሮች ሻጋታ ውስጥ በሙቀትና በጫና የሚጨመቁበት ነው፣ ለዛ ነው እያንዳንዱ ኬዝ የራሱ ዥንጉርጉር ያለው። ሪቻርድ ሚል የሚጠቀመው ካርቦን ቲፒቲ ደሞ ሌላ ነው። ከ30 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) የማይወፍሩ ንጣፎች አንዱ ባንዱ ላይ ይደረደራሉ፣ እያንዳንዱ ንጣፍ ከስሩ ካለው 45 ዲግሪ ዞሮ ነው የሚቀመጠው፣ ከዛ በሙቀትና በግፊት አንድ ይሆናል። ኬዙ ሲቀረጽ ያ ሁሉ ንብርብር ጎኑ ላይ እንደ እንጨት መስመር ይወጣል። ከጎን አዙረህ እየው፣ መስመሩ ጥምዝምዙን ተከትሎ ሲሄድ ታየዋለህ፣ ቀለም አይደለም፣ የተሰራበት መንገድ ራሱ ነው የሚታይህ።

ናዳል እኮ የሪቻርድ ሚል ሰዓት እጁ ላይ አስሮ ነው ቴኒስ ይጫወት የነበረው። በ2010 ያሰረው አርኤም 027 ከነማሰሪያው 20 ግራም አይሞላም፣ ቱርቢዮን (የስበት ተጽዕኖን ለመቀነስ ራሱ የሚሽከረከር ረቂቅ የሞተር ክፍል) ያለው ሰዓት። ያንን ያህል ምት ችሎ ጨዋታ ከጨረሰ ማቴሪያሉ ለጌጥ አይደለም ማለት ነው። ብራንዱ ገና በ2001 ነው የመጀመሪያ ሰዓቱን ያወጣው፣ የመቶ ዓመት ስም የለውም፣ ኮሌክተሩ ግን ተቀብሎታል። ስለዚህ የቆየ ስም ብቻ ነው የሚሰራው የሚለው ላይ አልስማማም ሰማያዊ ቤዝል።

ሰማያዊ ቤዝል፦
እኔም እድሜ አላልኩም፣ ይዞ መቆየት ነው ያልኩት። ሪቻርድ ሚል ከ2001 ጀምሮ አንድ ሀሳብ ነው ይዞ የሚሄደው፣ ለዛ ነው የሰራለት። ከዛ ውጪ ግን ሰውዬው ቆጥቤ ልገዛ ነው የሚለው፣ ዋጋው የማይቀመሰውን እሱን ብራንድ እዚህ ባናነሳው ይሻላል።

መዶሻው ሲወርድ፦
ጨረታ የምትከታተሉ ከሆነ ይሄ ክርክር እዛ በጣም ግልጽ ነው። የፓቴክ ፊሊፕ 1518ን ውሰዱ፣ በ1941 የወጣ፣ ፐርፔችዋል ካላንደር (የወራትን ርዝመት ራሱ እያስተካከለ ቀን የሚያሳይ) እና ክሮኖግራፍ አንድ ላይ ያለው። አብዛኛው የተሰራው በወርቅ ነው። በስቲል የተሰራ አራት ብቻ ነው የሚታወቀው። ከነሱ አንዱ በ2016 ጄኔቫ ላይ ከ11 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሸጧል። ወርቁ አብዛኛውን ጊዜ ከዛ በጣም ባነሰ ነው የሚሸጠው! ስለዚህ ለየት ያለ ማቴሪያል ሲባል ኮሌክተሩ የሚገባው እንደዚህ ነው፣ ለዛ ብራንድና ለዛ ሞዴል ለየት ያለ መሆኑ እንጂ ማቴሪያሉ በራሱ ብርቅ መሆኑ አይደለም። ስቲል የትም አለ፣ ስቲል 1518 ግን የትም የለም።

በተቃራኒው ታሪክ ለመሸጥ ተብሎ የሚገባ ማቴሪያል አለ። በ2007 ሮማን ዤሮም ከታይታኒክ መርከብ የመጣ ብረት የተቀላቀለበት ሰዓት አውጥቶ ዓለም ሁሉ አወራለት፣ ዛሬ ኮሌክተር መሀል ስሙን ብዙም አትሰማም። እኔ ለእንደዚህ ዓይነቱ ገንዘብ አላወጣም። ማቴሪያሉ ለሰዓቱ ምን ሰራለት ብዬ ነው የምጠይቀው፣ አቀለለው? ከጭረት አዳነው? የተለየ መልክ ሰጠው? ከሜትዮራይት (ከህዋ ከወደቀ ብረታማ አለት) የተሰራ የሰዓት ፊት ለምሳሌ ታሪክም ነው ውበትም ነው። ሮሌክስ በ2021 ዴይቶና በሚባለው ሞዴሉ ላይ አድርጎታል። ያ እርስ በርሱ የሚቆራረጥ መስመር ብረቱና ኒኬሉ ህዋ ላይ በሚሊዮን ዓመታት ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ የተፈጠረ ክሪስታል ነው፣ በአሲድ ሲታጠብ ነው ብቅ የሚለው፣ ማንም ፋብሪካ አስመስሎ ሊሰራው አይችልም። ብረት ስለሆነ ግን እርጥበት አይወድም፣ ውሃ መከላከያው በየጊዜው መታየት አለበት።

አንድ የምወደውን ልጨምር፣ የኤፍ ፒ ዡርን ክሮኖሜትር ብሉ። ኬዙ ታንታለም ነው። ከስቲል እጥፍ ያህል የሚከብድ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ግራጫ ብረት፣ ለመቅረጽ በጣም አስቸጋሪ ስለሆነ ብዙው ሰሪ አይነካውም። በ2009 ሲወጣ ዡርን ከሚሰራቸው ውስጥ ርካሹ አካባቢ ነበር፣ አሁን ሰው የሚፈልገው እሱን ነው። ማቴሪያልና ብራንድ እንደዚህ ሲገጣጠሙ ደስ ይላል።

የማለዳ ጉዞ፦
በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም፣ ያልጠበቅኩት ትምህርት ነው ያገኘሁት። ጥገና ወንበር ያልከው የኬዝ ነገር አሳስቦኛል፣ ስለዚህ ከተላጠ የማይወለወለውን ካርቦን ትቼዋለሁ። አሁን ሴራሚክና ነሐስ ቀርተዋል። ነሐስ ግን እጅ አረንጓዴ ያደርጋል ይባላል እውነት ነው? ደሞ ያ ጥቁረቱ ቢያስጠላኝስ መመለስ ይቻላል?

ነሐሱ፦
እኔን እየጠራህ ነው ማለት ነው! ለዓመታት ነሐስ ነው የማስረው ሌላ አላስርም። ቀስ በቀስ የሚመጣው ነገር ቆሻሻ አይደለም፣ ነሐስ ውስጥ ያለው መዳብ ከአየርና ከላብ ጋር ሲገናኝ ላዩ ላይ የሚሰራው ሽፋን ነው፣ ፓቲና የሚሉት። የኔ አሁን መሙያው (ጎኑ ላይ ያለው መጠምዘዣ) ዙሪያ ጣቴ ስለሚነካው ያበራል፣ በግራ በኩል የሸሚዝ እጅጌ የሚያሸው ጠርዝም እንደዛው ወርቃማ ነው፣ ጆሮዎቹ መሀል ማሰሪያው የሚደብቀው ቦታ ግን ቡናማ ሆኖ ጥጉ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ይዟል። ሌላ ሰው ቢያስረው ሌላ መልክ ነው የሚወጣው፣ የሌላ ሰው ላብ ስለሆነ። ሴራሚክ ከ15 ዓመት በኋላም አዲስ ነው ተባለ፣ ጥሩ ነው፣ እኔ ግን አብሮኝ የሚያረጅ ሰዓት ነው የምፈልገው።

እጅ አረንጓዴ ያደርጋል ወይ፣ ነሐስ ቀጥታ ቆዳ ከነካ አዎ ሊያደርግ ይችላል። ለዛ ነው ጥሩ ሰሪዎች የጀርባውን ክዳን ከሌላ ብረት የሚያደርጉት። ፓኔራይ በ2011 ብሮንዞን ሲያወጣ፣ 1000 ብቻ ነበር የሰሩት፣ ጀርባው ታይታኒየም ነው። ቱዶር በ2016 ባወጣው የነሐስ ብላክ ቤይ ላይ ጀርባው ስቲል ነው፣ ከላይ የነሐስ ቀለም ተቀብቶ። ስትገዛ ገልብጠህ ጀርባው ከምን እንደተሰራ ጠይቅ፣ ሙሉ ነሐስ ነው ካሉህ ተወው። ኦሜጋ ደሞ በ2021 ብሮንዝ ጎልድ ብሎ ያመጣው አለ፣ 37.5 በመቶ ወርቅ አለው፣ አረንጓዴ አያወጣም፣ ቆዳም ቢነካ ችግር የለውም፣ ፓቲናው ግን በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ ዋጋውም ሌላ ነው።

መመለስ ይቻላል። የሎሚ ጭማቂ ወይ ኮምጣጤ በለስላሳ ጨርቅ ስታሸው ይለቃል፣ በደንብ አጥበህ ማድረቅ ነው፣ መሙያው መጠበቁንም አረጋግጥ። እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ቱዶር ከሮሌክስ ጋር የአንድ ቤት ልጅ ስለሆነ ደሞ የብራንዱም የጥገናውም ነገር ብዙ አያሳስብህም። ያንተን ሁኔታ ሳየው እሱ የሚሆንህ ይመስለኛል።

ጥገና ወንበር፦
ነሐሱ ያለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ አሲዱ ማሰሪያው ቆዳ ከሆነ እንዳይነካው መጀመሪያ ፍታው። ማጠቢያውም ሻካራ ነገር አይሁን፣ ኬዙ በብሩሽ የተሰራ ደብዛዛ ከሆነ መስመሩን ያጠፋዋል።

ደሞ ሁላችንም ስለ ኬዝ ብቻ ነው ያወራነው፣ ሞተሩ ውስጥ ያለውንም ጠይቅ። ዩሊስ ናርዳን በ2001 ፍሪክ በሚባለው ሰዓቱ ላይ ሲሊከን ካስገባ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል፣ ፓቴክ ሮሌክስና ስዋች ግሩፕም ገብተውበታል። ሲሊከን ማግኔት አይዘውም፣ በጣም ቀላል ነው፣ የኤስኬፕመንት (የሞተሩን ጉልበት በመጠን የሚለቀው ክፍል) ጥርሶቹ ላይ ሲሆን ዘይት እንኳን ብዙ አይፈልግም። ስልክና ላፕቶፕ አጠገብ ለሚውል ሰው ይሄ ከኬዙ ይበልጣል። ማግኔት ይዞት ፍጥነቱ የተዛባ ሰዓት በየጊዜው ነው የሚመጣልኝ፣ ሲሊከን ሄርስፕሪንግ (የሰዓቱን ፍጥነት የሚቆጣጠር ቀጭን ጥምዝ ሞላ) ያለው ግን ለዚህ ጉዳይ መጥቶልኝ አያውቅም።

የማለዳ ጉዞ፦
እሺ፣ ነሐስ ነው እንግዲህ። ነገ ሄጄ ጀርባውን ገልብጬ አያለሁ፣ የሞተሩንም እጠይቃለሁ። ስገዛ ፎቶ እለጥፋለሁ፣ ከዓመት በኋላም ሌላ።