አንድ ፋብሪካ፣ ሁለት ስም፦ የድምፅ መሣሪያ ሻጭ የሠሪውን ማንነት የመግለጽ ግዴታ ሊኖርበት ይገባልን?

የድግስ ድምፅ አከራይ፣ ፈረንጅ አራዳ፦
የተከበራችሁ የጅማ የድምፅ ባለሙያዎችና ነጋዴዎች፣ ለጥር ሠርጎች እንዲደርስልኝ ከመርካቶ ሁለት ሱቆች ሁለት ጥንድ ሞንታርቦ ገዝቼ ነበር። የንግድ ስማቸው የተለያየ ነው፤ የሁለተኛው ጥንድ ዋጋም የመጀመሪያውን እጥፍ ሊሞላ የቀረው ጥቂት ነበር። ርካሹ በሦስተኛው ሠርግ ላይ፣ ሙሽሮቹ ገና ሲገቡ ተቃጠለ። ጥገና ቤት ወስደን ሁለቱንም ብናስከፍት፣ የውስጣቸው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ (ቦርድ) ላይ የታተመው ቁጥርና የሽቦዎቹ ቀለም ሳይቀሩ አንድ ሆነው ተገኙ። ለአንድ ዕቃ ሁለት ዋጋ ከፍያለሁ ማለት ነው። በእኔ እምነት ማንኛውም ሻጭ ዕቃውን በእርግጥ የሠራው ፋብሪካ ማን እንደሆነ በካርቶኑ ላይ እንዲጽፍ ሊገደድ ይገባል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የኤሌክትሮኒክስ አስመጪ፣ ሄርማታ፦
በወንድማችን ላይ የደረሰው አሳዝኖኛል፤ በድምዳሜው ግን አልስማማም። ሌላ ፋብሪካ የሠራውን ዕቃ በራስ ስም መሸጥ ዓለም የሚሠራበት ንግድ ነው። የጀርመኑ ቸርቻሪ ቶማን ቲ ቦን በሚል የራሱ ስም ማይክሮፎን ይሸጣል። ኪንግስተን በ2014 እ.ኤ.አ. ሃይፐርኤክስ ክላውድ ብሎ ያወጣው የጆሮ ማዳመጫ መሠረቱ የቻይናው ታክስታር ፕሮ 80 ነው፤ ከእርሱ በፊትም የስዊድኑ ኪውፓድ በሌላ ስም ሸጦታል። እኛስ ብንሆን ትልልቁን ስፒከር ሁሉ ሞንታርቦ የምንለው የአንድ የጣልያን ኩባንያን ስም ወስደን አይደለምን? ናሙና አስመጥቼ፣ ፈትሼ የመረጥኩትን ዕቃ የፋብሪካውን ስም ጽፌ ባወጣው፣ ሌላው ነጋዴ በሳምንቱ በቀጥታ ያዝዘዋል፤ የዋስትናው ሸክም ግን በእኔ ላይ ይቀራል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ፣ ስመ ጥሩውን የአውሮፓ ዕቃ ገዝቶ በኪራይ ወጪውን የሚመልስ አከራይ በከተማችን ስንት ነው?

የጥገና ባለሙያ፣ ቆጪ፦
የተባሉትን ስፒከሮች የከፈትኋቸው እኔ ነኝና ዝም ማለት አልችልም። ሰሌዳው አንድ መሆኑ እውነት ነው፤ ዕቃው አንድ ነው ማለት ግን አይደለም። በውዱ ላይ ድምፁን ለሚያጎላው ክፍል፣ ለኃይል ትራንዚስተር፣ የተዘጋጁት ስምንት ቦታዎች በሙሉ ተሞልተዋል፤ በርካሹ ላይ አራቱ ባዶ ቀዳዳ ሆነው ቀርተዋል። የርካሹ ዉፈር፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል፣ ማግኔቱ ያነሰ፣ ቮይስ ኮይል የሚባለው የሽቦ ጥቅሉም የጠበበ ነው። ፋብሪካው አንዱን ሰሌዳ ለሁሉም ደንበኛ ያትማል፤ በላዩ የሚተከለው ግን ያዘዘው ነጋዴ በከፈለው ልክ ነው። ስለዚህ የፋብሪካው ስም ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ወንድማችን ይበልጥ በተሳሳቱ ነበር፤ ያው ነው ብለው ርካሹን ብቻ ይገዙ ነበር።

እኔን የሚያስቆጣኝ ሌላ ነው። በርካሹ ፊት ላይ በትልቁ 3000 ዋት ተብሎ ተጽፏል፤ ጀርባው ላይ ግን ፊውዙ 3 አምፒር እንደሆነ በደቃቁ ይነበባል። 220 ቮልት በ3 አምፒር ሲባዛ 660 ዋት ነው። ከሶኬቱ ያለማቋረጥ ከዚያ በላይ የማይወስድ መሣሪያ 3000 ዋት ከየት አምጥቶ ይሰጣል? ያ ቁጥር ቢበዛ ለቅጽበት የሚባል እንጂ አርኤምኤስ የምንለው ዘላቂ ኃይል አይደለም። አከራዩ ግን ቁጥሩን አምኖ በሰፊ ድንኳን ውስጥ እስከ ጫፍ ይከፍተዋል፤ ድምፁ መሰነጣጠቅ ሲጀምር ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ቲዊተር ይቃጠላል፣ ትራንዚስተሮቹም ይከተላሉ። ከዚያ ወደ እኔ ይመጣል። በብዙዎቹ ላይ የአይሲው (የቺፑ) ጽሑፍ እንኳ ተፍቆ ስለሚመጣ ምን እንደምተካ አላውቅም፤ በትንሽ ዋጋ የሚድን ዕቃ ለመለዋወጫ መፍቻ ይቀራል።

የመዘምራን አገልጋይ፣ አጂፕ፦
የጥገና ባለሙያው ያሉት በእኛም ደርሷል። ከምእመናን በተሰበሰበ ገንዘብ ስንገዛ በጠባቡ ሱቅ ውስጥ ሞክረን ወደድነው፤ አዳራሹ ውስጥ ግን ከኋላ የተቀመጡት እናቶች ቃሉን መስማት አልቻሉም።

የሕግ ባለሙያ፣ ጅማ፦
ሁለት ጉዳዮች እንዳይደባለቁ እለምናለሁ። የሌላውን የተመዘገበ የንግድ ምልክት መለጠፍ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 የሚታይ ነው፤ አስመጪው ያነሡት የራስን ስም መለጠፍ ከዚያ አይገባም። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግን ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። የዋቱ ጽሑፍ በእኔ አስተያየት ከዚህ ጋር በቀጥታ ይጋጫል።

አስመጪው፦
እንግዲያው ዘላቂውን ዋትና የሰሌዳውን ቁጥር በደረሰኙ ላይ ለመጻፍ ፈቃደኛ ነኝ። የፋብሪካውን ስም ግን አልጽፍም።

አከራዩ፦
ስለ ዋጋው ተሳስቻለሁ፤ የባለሙያውን ማብራሪያ ተቀብያለሁ። ነገር ግን ገንዘቡን የማወጣው እኔ ሆኜ ሳለ ሠሪው ከእኔ የሚደበቅበት ምክንያት አሁንም አልታየኝም።

የጥገና ባለሙያው፦
የሰሌዳው ቁጥር ከተጻፈልኝ ለእኔ ሥራ የፋብሪካው ስም አያስፈልገኝም፤ በዚህ ከአስመጪው ጋር ነኝ። በደረሰኙ ብቻ መወሰናቸውን ግን አልቀበልም። ሰው ደረሰኝ የሚቀበለው ከከፈለ በኋላ ነው፤ ሲመርጥ የሚያየው የስፒከሩን ፊት ነው። እዚያ ላይ 3000 የሚለው ስቲከር ተነሥቶ ዘላቂው ቁጥር ይለጠፍበት።