ጥቆማ፦ ለአሮጌ ላፕቶፕ የሚሆን፣ በተራ የሚጫወቱት የስልት ጌም የትኛው ይሻላል?

ጠያቂው፣ ከቱሉ ዲምቱ፦
ጤና ይስጥልኝ። የአሥራ አራት ዓመት ታናሽ ወንድም አለኝ። ከአባታችን ጋር ዳማ እየተጫወተ ያደገ ልጅ ስለሆነ፣ የጣት ፍጥነት ከሚጠይቁት ይልቅ ረጋ ብለው አስበው፣ ተራ ጠብቀው የሚጫወቱትን ጌም ላስለምደው እፈልጋለሁ። ላፕቶፓችን 4 ጊጋባይት ራም ያለው፣ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ የሌለው አሮጌ ዕቃ ነው። ባትሪው ስለሞተ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ኤክስኮም 2፣ ኢንቱ ዘ ብሪች እና ባትል ፎር ዌስኖዝ የሚባሉትን ሰምቻለሁ። የተጫወታችሁ ጥንካሬና ድክመታቸውን ብትነግሩኝ፣ በእኛ በኩል በአግባቡ የሚጭን ሱቅም ብትጠቁሙኝ አመሰግናለሁ።

ከገላን፦
ወንድሜ፣ ኤክስኮም 2ን እጅግ እወደዋለሁ፤ ለአንተ ላፕቶፕ ግን አልመክረውም። በ2016 የወጣ ሆኖ 45 ጊጋባይት ቦታ ይፈልጋል፤ ያለ ግራፊክስ ካርድም ይንቀራፈፋል። ጥንካሬው ከወታደሮቹ ጋር የሚያስተሳስርህ መሆኑ ነው፤ ስም አውጥተህላቸው፣ በየዘመቻው አሳድገሃቸው፣ አንዱ ከሞተ ግን እስከ መጨረሻው አይመለስም። ድክመቱ ብዙዎቹ ተልዕኮዎች በተወሰነ ዙር ውስጥ እንዲያልቁ ማስገደዳቸው ነው፤ ከከለላ ወደ ከለላ በጥንቃቄ መሄድ የሚወድ ሰው ይቸገራል።

ከኮዬ ፈጬ፦
ስለ ሱቅ ከተነሳ እኔ የደረሰብኝን ልናገር። ባለፈው ዓመት ኮንዶሚኒየማችን ሥር ካለ አንድ ሱቅ ይህንኑ ጌም ክራክ የተደረገውን፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረውን አስጫንኩ። በሦስተኛው ቀን ፋይሎቼ በሙሉ አልከፈት አሉ፤ ስድስት ወር የሠራሁት የመመረቂያ ጽሑፌም አብሮ ጠፋ። ሰውየው «ከአንቺ ፍላሽ የመጣ ቫይረስ ነው» ብሎ ገንዘቤን እንኳ ሳይመልስልኝ ቀረ። እባክህ የማታምነው ሰው ላፕቶፕህን እንዲነካ አትፍቀድ።

ከጀሞ፦
እኅቴ፣ የደረሰብሽ ያሳዝናል፤ ሆኖም ሁሉም ሱቅ አንድ አይደለም። እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ የማስጭነው አንድ ልጅ ጋ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ሃርድ ዲስኬ ተበላሽቶ መረጃዬ ቢጠፋም ጥፋቱ የዕቃው እንጂ የልጁ አልነበረም። ጠያቂው ጀሞ ድረስ ቢመጣ አይቆጭም።

ከኮዬ ፈጬ፦
መረጃዎ ጠፍቶም ያመሰግኑታል?

ከለገጣፎ፦
ለልጁ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን ፈልግለትና ኳስ ይጫወት። ከጓደኞቹ ጋር የሚያገናኘው እሱ ነው።

ከአያት፦
ልጁ የሚወደው ዳማ መሆኑ ተነግሮን ሳለ ኳስ እንመክራለን፤ ስለ ጌም ተጠይቀን ስለ ሱቅ እንጨቃጨቃለን። ሁለቱን ቀሪዎች ለዓመታት ስለተጫወትኳቸው ወደ እነሱ ልመለስ።

ኢንቱ ዘ ብሪች በ2018 የወጣ፣ ለአሮጌ ላፕቶፕም የማይከብድ ነው። ሜዳው እንደ ዳማ ገበታ 8 በ8 ነው፤ ሦስት ግዙፍ ማሽኖች ይዘህ ከተማን ከትላልቅ ነፍሳት ትከላከላለህ። ትልቁ ጥንካሬው ጠላት የት እንደሚመታ ከአንተ ተራ በፊት በግልጽ ማሳየቱ ነው። አንዱ ጠላት ሰው ያለበትን ሕንፃ ሊመታ ሲዘጋጅ፣ መግደል ባትችል እንኳ በቡጢ ገፍተህ አንድ ካሬ ወደ ጎን ብታወጣው፣ ለሕንፃው ያሰበው ምት እዚያ የቆመው ጓደኛው ላይ ያርፋል። ዳማ የሚያውቅ ልጅ ይህን ሲያይ ወዲያው ይገባዋል፤ መሥዋዕት ሰጥቶ ሁለት መብላት ማለት ነውና። ከተሸነፍክ ዕድልን ሳይሆን ራስህን ነው የምትጠይቀው። ድክመቱ ታሪኩ ስስ መሆኑ፣ ለአንድ ሰው ብቻ የተሠራ መሆኑና ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ካርድ መሆኑ ነው።

ባትል ፎር ዌስኖዝ ግን ሙሉ በሙሉ ነጻ ስለሆነ ክራክም ሆነ የማይታመን ሱቅ አያስፈልገውም፤ ከራሱ ድረ ገጽ ማውረድ ይበቃል። ከ2003 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች እየተሠራ ያለ ጌም ነው። እያንዳንዱ ዙር ሲጀመር በራሱ ሴቭ ስለሚያደርግ መብራት ቢጠፋ የምታጣው አንድ ዙር ያህል ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ላፕቶፕ ያለ ኢንተርኔት እየተፈራረቁ መጫወትም ይችላሉ፤ አባታችሁም ከልጁ ጋር ሊቀመጡ ይችላሉ ማለት ነው። ድክመቱ ዕድል ነው። ጦረኛህን ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ካቆምከው የመመታት ዕድሉ 80 በመቶ ነው፤ መንደር ውስጥ ካስገባኸው 40 ይሆናል፤ ነገር ግን 40ውም ቢሆን አራት ጊዜ ተከታትሎ ሊደርስብህ ይችላል። ለሳምንታት ያሳደግሁትን ፈረሰኛ እንዲህ አጥቼ ላፕቶፑን የዘጋሁበት ሌሊት አለ። በዘመቻዎቹ መካከል የሚነበበው እንግሊዝኛም ብዙ ነው።

ጠያቂው፣ ከቱሉ ዲምቱ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዌስኖዝ ውስጥ ቀንና ሌሊት ውጊያውን ይለውጠዋል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ እንዴት ነው?

ከአያት፦
አዎ፣ ሰዓቱ በየዙሩ ይቀየራል። ባለጦሩ ወታደር በአንድ ምት የሚያደርሰው ጉዳት 7 ነው፤ ቀን ላይ 25 በመቶ ተጨምሮለት 9 ይሆናል፣ ሌሊት ግን ወደ 5 ይወርዳል። ኦርክ የሚባሉት ጭራቆችና አጽሞቹ በተቃራኒው ሌሊት ይበረታሉ። ስለዚህ ሲመሽ ወደ መንደርና ወደ ምሽግ ተሰብስቦ መከላከል፣ ሲነጋ መውጣት ነው። ጀማሪ ሁልጊዜ የሚሸነፈው በድል ሞቅታ ጨለማ ውስጥ ገብቶ ሲያሳድድ ነው።

ከጀሞ፦
ሱቁን ከፈለግህ አሁንም በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ልጁ አይጠፋም።