የእናቴ ጉልበት ሊቀየር ነው፦ ቁስሉ በተራ ክር፣ በባለ ጥርስ ክር ወይስ በስቴፕል ቢዘጋ ይሻላል?

ልጅቷ ከቱሉ ዲምቱ፦
ሰላም ለሁላችሁም። የእናቴ ጉልበት አልቋል ተብሎ ሊቀየርላት ቀጠሮ ተይዟል። ስኳር አለባት። ገዝታችሁ አምጡ ተብሎ በተሰጠን ዝርዝር ውስጥ ቋጠሮ የማይፈልግ ባለ ጥርስ ክር አለ፣ ዋጋው ከተራው ክር ጋር ጨርሶ አይገናኝም። ወንድሜ ደግሞ ስቴፕል (ቆዳውን አጣብቆ የሚይዘው ትንንሽ ብረት) ይሻላል የሚል ነገር ሰምቶ መጥቷል። እኔ የምፈራው ቁስሉ እንዳያመረቅዝ ነው። በዚያ ላይ እኛ ያለነው ከተማው ዳር ነው፣ ስፌት ለማስወጣት ብቻ እሷን በታክሲ መሀል ከተማ ድረስ ማመላለስ ከባድ ነው። ለእሷ የሚጠቅም ከሆነ ተበድሬም ቢሆን እገዛዋለሁ፤ የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የኦፕሬሽን ክፍል ነርስ፦
አይዞሽ እህቴ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ጉልበት ሲቀየር የሚሰፋው አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ከታች የመገጣጠሚያው ሽፋን ይዘጋል፣ ቀጥሎ ከቆዳ ሥር ያለው ስብ፣ መጨረሻ ላይ ቆዳው። ዋናው የታችኛው ነው። እሱ በደንብ ካልተዘጋ ፈሳሽ ወደ ላይ ያዣል፣ ቁስሉም ቶሎ አይደርቅም። ባለ ጥርሱ ክር በብዛት የሚገባው እዚያ ነው፤ ጥቃቅን ጥርሶቹ ሥጋውን ይዘው ስለሚቀሩ ሐኪሙ እየቋጠረ አይቆምም፣ አንዴ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ይሰፋል፣ ውጥረቱም በእኩል ይከፋፈላል። አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ጥቅሙ ጎልቶ የታየው በጊዜ ላይ ነው፣ ደቂቃዎች ይቆጥባል። ኢንፌክሽንን በተመለከተ ግን ብዙዎቹ ጥናቶች ከተራው ክር ጋር ሲያወዳድሩት ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። እንዲያውም ከቆዳው ሥር ሲገባ የላይኛው ቁስል ላይ ችግር በዛ ያሉም አሉ። ስለዚህ ሐኪሙን የትኛው ንብርብር ላይ ነው የሚጠቀሙበት ብለሽ ጠይቂ። ተራ ክር ቢሆን ይከብድዎታል ወይ ብለሽም ጠይቂ፣ ነውር የለውም። በለመደው ክር በጥንቃቄ የሚሰፋ ሐኪም ለእኔ ከክሩ ዓይነት ይበልጣል።

ጠቅላላ ሐኪም፣ ሰበታ፦
ነርሷ ባለችው እስማማለሁ፣ ስለ ቆዳው ልጨምር። ስቴፕል ፈጣን ነው፣ ወንድምሽ የሰማው ይህንን ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2010 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ትንተና የ683 የአጥንት ቀዶ ጥገና ቁስሎችን አንድ ላይ አይቶ በስቴፕል የተዘጉት በክር ከተሰፉት ይልቅ ለኢንፌክሽን የተጋለጡ ናቸው ብሏል። ጥናቶቹ ጥራታቸው ደካማ ነበር፣ ልዩነቱም የጎላው ዳሌ ላይ ነው፣ ስለዚህ ጉልበት ላይ በቀጥታ አንለጥፈውም። ለናንተ ትልቁ ነገር ሌላ ነው። ስቴፕል የሚነቀለው በራሱ መንቀያ ነው፣ እሱ ደግሞ ሁሉም ጤና ጣቢያ አይገኝም። የማይሟሟው የናይለን ክር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ሰፈራችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ሊያወጣላት ይችላል። ስኳር ስላለባት ሐኪሟ ትንሽ ሊያቆየው ይችል ይሆናል። ከቆዳ ሥር ተሰፍቶ ሟሙቶ የሚጠፋ ክርም አለ፣ እሱ የሚወጣ ነገር የለውም። እኔን ብትጠይቂኝ በክር፣ ከተቻለም በሚሟሟው።

ግን የክሩን ነገር ይህን ያህል ስታስቢ ስኳሯን እንዳትረሺ። የሦስት ወር የስኳር ምርመራዋ ከፍ ያለ ከሆነ ቀጠሮውን ገፍቶ ስኳሩን ማውረድ ከየትኛውም ውድ ክር የበለጠ ይጠቅማታል።

አባቱን ያስታመመ፣ ቡራዩ፦
የአባቴን አስታምሜያለሁና ከስፌቱ በኋላ ስላለው ልናገር። ስፌቱ ይፈታል ብለው እግራቸውን ዘርግተው መተኛት ይፈልጋሉ፣ እንዳትፈቅጂላት፣ ፊዚዮው (እንቅስቃሴ የሚያሠራው ባለሙያ) እጠፉ ባለው ልክ ይታጠፍ። ጠያቂ ሁሉ ምክር ይዞ ይመጣል፤ ቅቤም ማርም ቁስሉ ላይ አይቀባ። ጠበልም ቁስሉ በደንብ እስኪዘጋ ይቆይ፣ ለእናቶች ይህን መንገር ከባድ ነው ግን አስረጂያት። ፈሳሹ ቀናት አልፈውትም ካልቆመ ወይም ቀልቶ ከሞቀ ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝተሽ እንዳትሰጫት፣ ለቀዶ ሐኪሟ ደውዪ።

ጠቅላላ ሐኪም፣ ሰበታ፦
የመጨረሻው ነገር በጣም ልክ ነው። ከመገጣጠሚያው ናሙና ሳይወሰድ መድኃኒት ከተጀመረ ተህዋሲያኑን ለይቶ ማግኘት ያስቸግራል፣ የተተካው ጉልበት ብረት ላይ ከተጣበቁ ደግሞ ሌላ ቀዶ ጥገና ሊመጣ ይችላል።

ልጅቷ ከቱሉ ዲምቱ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ነገ ደውዬ ክሩ የት እንደሚገባና ለቆዳው የሚሟሟ ይቻል እንደሆነ እጠይቃለሁ፣ የሦስት ወሩንም አሠራላታለሁ። አንድ የቀረኝ፦ ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም። ደረጃ መውጣቱ ስፌቱን አይጎዳውም?

የኦፕሬሽን ክፍል ነርስ፦
ከሆስፒታል ከመውጣቷ በፊት ፊዚዮው ደረጃ ያለማምዳት፣ ጠይቂ። ስትወጣ ጤነኛው እግር ይቅደም፣ ስትወርድ የተሠራው። ድጋፍ ይዛ በዝግታ ከሆነ ስፌቱን አይፈታውም፤ የሚያሰጋኝ መውደቋ ነውና ስትወጣ ከኋላዋ፣ ስትወርድ ከፊቷ ሰው አይጥፋ።